ባል ወጥቶ የሚጠየቅ ጥያቄ

በቅሎዋ ጅረቱን መሃል ለመሃል ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች። በስታምፐር ሸለቆ መንገድ ማለት ጅረቱ ራሱ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ሰው ይሄድበታል፣ ሲሞላ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ኦርሌና ከባሏ ከሃርማን ኋላ በጎን ተፈናጥጣ፣ አንድ እጇን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አድርጋ፣ በሌላው የበቆሎ ቂጣ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ጭኗ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ከፊት ከሚሄደው ሰውዬ ጀርባ አልነቀለችም። በቅሎዋ ድንጋይ ላይ ስታዳልጥ እንኳ ቀበቶውን ጠበቅ አደረገች እንጂ ወደ ታች አላየችም።

ሰውዬው ካፒቴን ቴድፎርድ ይባላል። ካፒቴንነቱን ከየትኛው ጦርነት እንዳገኘው የጠየቀው አልነበረም። ወንድም ከወንድሙ የተላለቀበት የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ካበቃ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ እሱ ደግሞ ቢበዛ አርባ ቢሆነው ነው። ከኬንታኪ ሜዳማ አገር የመጣ፣ ጺሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ጭቃ ባለበት አገር አንገትጌው ነጭ ሆኖ የሚውል ሰው ነው። ከዳማ ፈረሱ ኮርቻ ግራና ቀኝ የቆዳ ኮሮጆ ተንጠልጥሏል።

«ያን ኮሮጆ እየው» አለች ኦርሌና ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ሦስት ቀን ቤታችን ሲያድር አንድ ጊዜ ከእጁ አልተለየም። ሲተኛም ትራሱ እሱ ነው።»

«ወረቀት ነዋ ያለበት። ይርጠብበት እንዴ?»

«ቤታችን አያፈስም።»

«እሺ፣ አያፈስም» አለ ሃርማን፣ ዝም እንድትልለት በሚፈልግ ድምፅ።

እሷ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ስትታዘብ ነበር። እንግዳ ቤት ከመጣ ይበላል፣ ያድራል፣ ፈረሱም ይቀለባል፤ ለዚህ ዋጋ መጠየቅ በዚያ ሸለቆ ነውር ነው። ካፒቴኑም በላ፣ አደረ። ባቄላዋን አሞገሰ፣ የማሽላ ማሯን አሞገሰ፣ ባሏን «ሚስተር ስሎን» እያለ ጠራ። ሃርማንን በዕድሜው ሚስተር ያለው ሰው አልነበረም፤ በሰማው ቁጥር ትከሻው ቀና ሲል ኦርሌና ታያለች።

ነገሩ ሲሰማ ቀላል ነበር። ከአባቷ ከሽማግሌው ስታምፐር በወረሰችው መቶ ስልሳ ኤከር መሬት፣ ላዩ የእነሱ እንደሆነ ይቀራል፤ ካፒቴኑን የላከው የከሰል ኩባንያ የሚገዛው ታቹን ነው። የድንጋይ ከሰሉን፣ ዘይቱን፣ ያለውን ማዕድን ሁሉ፤ በኤከር ግማሽ ዶላር። «በቆሏችሁ የሚበቅለው ከላይ ነው፤ አሳማችሁ የሚሰማራው ከላይ ነው፤ እናንተም የምትኖሩት ከላይ ነው» ብሎ ነበር ካፒቴኑ እየሳቀ። «ከሥራችሁ ላለው ጨለማ ገንዘብ እሰጣችኋለሁ እያልኳችሁ እኮ ነው።»

ከሰሉን እነሱም ያውቁታል። ከቤቱ ጀርባ ዳገቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ብቅ ያለበት ቦታ አለ፤ ክረምት ሲገባ ሃርማን በዶማ እየናደ በጆንያ ለምድጃ ያመጣዋል። እንደ ንብረት ቆጥሮት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ደግሞ ሌላ ነገር» አለች ኦርሌና።

«ምን ቀረሽ?»

«በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። አንተ ይቺን ስትገዛ እግሯን እያነሳህ ግማሽ ቀን ቆመህ አልነበር? ይሄ ሰውዬ ከሰላችንን አላየውም። ዳገቱን አልወጣም። በሩቅ እንኳ አሳዩኝ አላለም።»

«ቀድመው አይተውት ይሆናል።»

«መቼ? በየት በኩል ገብተው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ኦርሌና! በመሣሪያ ያዩ ይሆናል። ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ በቅሎዋን አታስደንብሪያት።»

ሃርማን እንዲህ አይቆጣም ነበር። ሌላም ያልተለመደ ነገር ነበረው፤ እያንጎራጎረ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር አውጪው እሱ ነው። መጽሐፍ ማንም አይዝም፣ ቢይዝም የሚያነብ የለም። ሃርማን አንዱን መስመር ቶሎ ብሎ በዜማ ያወጣል፣ ምእመኑ ተቀብሎ ያን መስመር ረጅም አድርጎ ይስበዋል፣ ከዚያ ቀጣዩ። አንድ ጊዜ የወጣ መስመር አይደገምም፤ ያመለጠው ተቀባይ አፉን ዘግቶ ይቆማል። ኦርሌና ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትቀበል የኖረች ናት፣ አምልጧትም አያውቅ። ሃርማን እርሻ ሲያርስም፣ በቅሎ ላይም ሲሆን ማንጎራጎር አይተውም። ዛሬ ግን ከቤት ከወጡ አንድ ድምፅ አላሰማም።

ፀሐይ ወጥታ ሸለቆውን ስትሞላው ከተማ ደረሱ። የጡብ ፍርድ ቤቱ፣ ሁለት ሱቅና አንድ ቀጥቃጭ ቤት ናቸው ከተማ የተባሉት። የችሎት ቀን ስለነበር ሰው ሞልቷል፤ ወንዶቹ አጥር ላይ ተቀምጠው በሴንጢ እንጨት እየቀረጹ ትምባሆ ይተፋሉ፣ ሴቶቹ በረንዳው ላይ ካለው ረጅም አግዳሚ ተደርድረዋል። ዛሬ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉም የስታምፐር ጅረት ሰዎች ናቸው፤ ካፒቴኑ ሁሉንም በአንድ ቀን ቀጥሯቸዋል።

ሌሎቹ ወንዶች አንድ በአንድ ገብተው ከወጡ በኋላ፣ «ሚስተር ስሎን፣ የቀሩት እርስዎ ነዎት» አለ ካፒቴኑ ኮሮጆውን ትከሻው ላይ አንግቦ። ከዚያ ወደ ኦርሌና ዞሮ ባርኔጣውን አነሳ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ከባለቤትዎ በኋላ ለብቻዎ ነው የሚገቡት። ሕጉ እንዲያ ስለሚል ነው። አንዲት አጭር ጥያቄ ናት፣ ጨዋ ሴት በአንድ ቃል ትመልሳታለች። ውስጥ የተባለው ደግሞ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ሕግ ነው።»

«ለምን ለብቻዬ?» አለች ኦርሌና።

«ሕግ ነው» አለ ደግሞ፣ ሃርማንን ክንዱን ይዞ አስገባው።

ኦርሌና ከዶርቱላ አጠገብ ተቀመጠች። ዶርቱላ የሃርማን ታላቅ ወንድም የሌቪ ሚስት ናት፤ ከከንፈሯ ጥግ ሱረት ነክራ የምታኝከው እንጨት ብቅ ብሎ፣ እግሯን እያወዛወዘች ተራዋን ትጠብቃለች። መሬታቸው ከእነ ኦርሌና በላይ፣ ምንጩ የሚነሳበት ቦታ ላይ ነው። ዶርቱላ ልብስ ባጠበች ቀን ኦርሌና ሳሙናውን ታች ሆና ታየዋለች፤ በዚህ የተነሳ አሥር ጊዜ ተጣልተው አሥር ጊዜ ታርቀዋል።

«ምንድነው የሚጠይቁት ለብቻ አስገብተው?» አለች ኦርሌና።

ዶርቱላ እንጨቷን ከአፏ አወጣች። «ባልሽ አስገድዶሻል ወይ፣ አስፈራርቶሻል ወይ ነው አሉ። ሌቪ እኔን! ሌቪ ድመቷን ከአልጋው ማስወረድ አቅቶት ወለል ላይ የሚተኛ ሰውዬ!»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። በዚያው መሃል በሩ አጠገብ የተቀመጡት ጥርስ የሌላቸው አሮጊት፣ ሁሉም አክስቴ ቫይኒ የሚሏቸው፣ ጣልቃ ገቡ። እሳቸው ከሴቶቹ ሁሉ ቀድመው ፈርመው ጨርሰዋል።

«እኔማ ጥያቄውን እንኳ አላስጨረስኩትም» አሉ። «'አላስገደደኝም፣ እግዜር ምስክሬ ነው' ብዬ ምልክቴን አድርጌ ወጣሁ። ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬ ጸሐፊ ፊት ስሙን ላጥፋ? እንኳን አንድ ደቂቃ፣ ግማሽም አልፈጀብኝ።»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄው እነሱን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ መሆኑን አንዳቸውም አያውቁም፤ የገባቸው እንደ ስድብ ነው። ባልሽ ይመታሻል ወይ ተብላ የተጠየቀች ሴት ደግሞ የሚመታትም ብትሆን «አይ» ማለቷ ነው የቤቷ ክብር። ስለዚህ ሁሉም ፊታቸውን አኮሳትረው ይገባሉ፣ ቶሎ ብለው «አይ» ይላሉ፣ ያን ያህል ቶሎ ይወጣሉ። ካፒቴኑ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ሃርማን ግን አልወጣም። ሌሎቹ ወንዶች ገብተው ወዲያው ነበር የወጡት፤ እሱ እዚያው ቀረ። ኦርሌና በበሩ በኩል አንድ የሚነበብ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሰማች፣ ቃሉ አልለይ አላት። ከዚያ ንባቡ ተቋረጠ። ከዚያ የካፒቴኑ ዝቅ ያለ ሹክሹክታ።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ሃርማን ወጣ። አውራ ጣቱ ቀለም ነክቶታል። ፊቱ ደም የሌለው ሆኖ ነበር።

«አንዲት የፊርማ መስቀል ለማድረግ ይሄ ሁሉ?» አለች።

«ብዕሩ አልጽፍ ብሎ ነው» አለ፣ ሳያያት። አልፏት ሄዶ የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፎ ቆመ።

ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ ሲዋሽ ታውቃለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትጠረጥረው ኮሮጆውን፣ ነጩን አንገትጌና ይህን ለብቻ የሚያስገባ በር ነበር፤ ባሏን አልጨመረችም ነበር። አሁን ጨመረች፣ ያም ከሁሉ ይልቅ አመማት።

«ኦርሌና ስሎን!» አለ ድምፅ ከውስጥ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ ትልልቅ የመሬት መዝገብ የተደረደረበት። ምክትል ጸሐፊው ሽማግሌ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ አጎቴ ሃይረም ነው የሚላቸው። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት በጦርነቱ ቀርቷል። ካፒቴኑ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ካፒቴን፣ ይውጡልኝ» አሉ አጎቴ ሃይረም።

«እኔ ባሏ አይደለሁም እኮ።»

«ባሏም የማይገባበት ክፍል ነው። ይውጡ።»

ወጣ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው። ሽማግሌው ተነስተው ዘጉት፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ እንደ ጸሎት ማነብነብ ጀመሩ። «ይህን ውል ከባልሽ ተለይተሽ ስትጠየቂ በነፃ ፈቃድሽ ነው የምትፈርሚው፣ ባልሽ አላስፈራራሽም፣ አላስገደደሽም፣ አላባበለሽም፣ ይዘቱንም አውቀሽዋል ወይ...»

ኦርሌና አፏን ከፍታ ነበር። «አላስገደደኝም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። በዚያው ቅጽበት ግን የሽማግሌው ብዕር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየች።

«ምንድነው የሚጽፉት?»

«መልስሽን ነዋ።»

«ገና መች መለስኩ?»

አጎቴ ሃይረም ቀና አሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነበር። «ታትሞ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። መልሱ ታትሟል። እኔ የምሞላው ስምሽን ብቻ ነው።»

«መልሱ ከታተመ እኔን ለምን ይጠይቁኛል?»

ሽማግሌው ብዕሩን አስቀመጡ። የተቆጡም ያፈሩም ይመስላሉ።

«ይዘቱን አውቀሽዋል ወይ አሉኝ፣ አይደል?» አለች ኦርሌና። «ያንብቡልኝ።»

«ካፒቴኑ ቤታችሁ አላነበበላችሁም?»

«አንብቦልናል። እኔ አሁን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።»

አነበቡላት። «በጌታችን ዓመት በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ስድስት፣ እኛ ሃርማን ስሎንና ሚስቱ ኦርሌና...» ኦርሌና ዓይኗን ጨፈነች። ካፒቴኑ ገበታቸው ላይ ሲያነብ እሷ ባቄላ በክር እየሰካች ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር እንደወጣ በልቧ ተቀብላዋለች። አሁን ሽማግሌው ሲያወጡ ከሥራቸው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የከሰሉ መስመር መጣ፣ ልክ ነው። የዘይቱና የጋዙ መጣ፣ ልክ ነው። ለማውጣት የሚያስፈልገውን መግቢያና መውጫ የሚለው መጣ። ቀጥሎ የዋጋው መምጣት ነበረበት። አልመጣም።

«እዚያ ላይ ቆም ይበሉ» አለች። «ይሄ አልነበረም።»

«ምኑ?»

«'መግቢያና መውጫ' ካለ በኋላ 'ስለዚህም ሻጮች በኤከር' ብሎ ነበር ያለፈው። መሃል ላይ ምንም አልነበረም።»

አጎቴ ሃይረም አፈጠጡባት። «ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም። መስማት ነው የምችለው። ይቀጥሉ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው በቀስታ አነበቡ። «እንዲሁም ገዢው አስፈላጊ ወይም ምቹ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ሁሉ በላዩ ያለውን እንጨት መቁረጥ፣ ውሃውን መውሰድና አቅጣጫውን መለወጥ፣ መንገድና ሐዲድ ማውጣት፣ ከውስጥ የወጣውን አፈርና ድንጋይ በላዩ መድፋት ይችላል። ሻጮችና ወራሾቻቸው በዚህ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ካሳ የመጠየቅ መብታቸውን ለዘለዓለም ትተዋል።»

ኦርሌና ዓይኗን ገለጠች።

«ለማን ነው ምቹ?»

«ለገዢው።»

«ምቹ መሆኑንስ ማነው የሚወስነው?»

«ገዢው።»

«ምንጬን?»

«ውሃ ነው።»

«አሳማዎቼ ፍሬ የሚለቅሙበትን ጫካ?»

«እንጨት ነው።»

«ሁለት ልጆቼ ዳገቱ ላይ ተቀብረዋል። ድንጋዩን እነሱ ላይ ይደፋል?»

አጎቴ ሃይረም ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና አዩት። «መቃብር ብሎ የለየው ነገር የለም» አሉ። «በላዩ ነው የሚለው።»

ቂጣው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ጨበጠችው። ላዩ የእናንተ ነው ብሎ እኮ ነበር። እየሳቀ፣ ባቄላዋን እየበላ።

«ሃርማን...» አለች፤ ከዚያ መጠየቁን ፈራች። ግን ጠየቀች። «ለባሌ ይሄን አንብበውለታል?»

«አንብቡልኝ ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ከወንዶቹ አንብቡልኝ ያለ እሱ ብቻ ነው። እዚህ መስመር ስደርስ አንቺ ያልሽውን አለ፣ 'ይሄ አልነበረም'።»

«ከዚያ ፈረመ?»

«ከዚያ ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ በጆሮው አወራው። ከዚያ ፈረመ።»

«ምን አለው?»

ሽማግሌው በሩን አዩ፣ ድምፃቸውን ቀነሱ። «አልሰማሁም። ግን ዘንድሮ እዚያ መስኮት ጋ የሚባለው አንድ ነገር ነው። ኩባንያው የጥንት ወረቀት አለው፤ መሬታችሁ ድሮ ለሌላ ሰው የተሰጠ ነው፤ ታቹን ካልሸጣችሁ ክስ ይመጣና ላዩንም ታጣላችሁ፤ ነው የሚባለው።»

«አለ እንዲህ ያለ ወረቀት?»

አጎቴ ሃይረም ሁለት ጣት በጎደላት እጃቸው ግድግዳውን አሳዩዋት። «ሃያ ስድስት ዓመት ከእነዚህ መዝገቦች ጋር ኖሬያለሁ። የአባትሽ ወረቀት እዚያ አራተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ከሱ የሚቀድም ካለ እዚሁ ቤት መሆን ነበረበት፣ እኔ ግን አይቼው አላውቅም። ይሄን ደግሞ አላልኩሽም።»

«አላሉኝም።»

«መሬቱ ያንቺ ስለሆነ ያንቺ ፈቃድ ከሌለበት የባልሽ መስቀል የፈጀውን ቀለም ዋጋ እንኳ አያወጣም። ይሄን ግን ብያለሁ፤ ሕግ ነው።»

ኦርሌና ቀሚሷን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች። «እንግዲያው ጥያቄዎን ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት፤ አሁን ሳያነበንቡ፣ እያንዳንዱን ቃል እያዩዋት።

«ባሌ አላስገደደኝም» አለች። «ይጻፉት። ደግሞ አልፈርምም። እሱንም ይጻፉት።»

«ለሁለተኛው ቅጹ ቦታ የለውም።»

«ኅዳጉ ላይ ይጻፉት።»

አጎቴ ሃይረም ብዕራቸውን አነሱ፤ የታተመውን መልስ በአንድ ረጅም መስመር ሰረዙና ኅዳጉ ላይ ጻፉ።

በሩ ሲከፈት ካፒቴኑ እዚያው ደፉ ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን ከሽማግሌው ተቀብሎ አየ። ፈገግታው አልጠፋም፣ ዓይኖቹ ግን ጠበቡ። «ሚስተር ስሎን፣ እመቤቲቱን ያነጋግሯቸው። ጥያቄው ግራ ያጋባቸው ይመስለኛል።»

«ግራ አላጋባኝም» አለች ኦርሌና። «አንድ መስመር ዘለውብኛል።»

«እመቤቴ፣ የሕግ ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ይጻፋል። እንግዶቼን በዝርዝር ላሰለች አልፈለግሁም። ደግሞ ለራስዎ ሲሉ ነው፤ ኩባንያው በዚያ መሬት ላይ ከአባትዎ የቆየ ወረቀት አለው።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

«የት ነው ያለው?»

«ሌክሲንግተን ከተማ።»

«ይምጣ። እኛ የትም አንሄድም፣ እንጠብቀዋለን።»

ካፒቴኑ የተሰረዘውን ወረቀት ሊያስቀምጥ ወደ ፈረሱ፣ ወደ ሌላኛው ኮሮጆ ሄደ። ኦርሌና ባሏ አጠገብ ምሰሶው ጋ ቆመች። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት መጮህ አማራት፤ ድምፅዋን ግን ዋጠችው።

«ገበታችን ላይ ሲዘል ሰምተኸው ነበር?»

ሃርማን ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ከዚያ «ሲያነብ ትንፋሹ አንድ ቦታ ላይ ተቆረጠ» አለ። «የሆነ ነገር እንደዘለለ አወቅሁ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ዛሬ አወቅሁ።»

«አውቀህ ፈረምክ።»

«አባትሽ በሰው መሬት ላይ ነው የኖረው አለኝ። ክስ ቢመጣ ችሎት ፊት የአባትሽን ስም እያነሱ ሌባ ሊሉት ነው። አንቺ ያንን ቁጭ ብለሽ ልትሰሚ። እኔ...» ቀለም የነካውን አውራ ጣቱን በሱሪው ፈተገ። «ላሳፍርሽ አልፈለግሁም፣ ኦርሌና።»

«ልጆቼን ድንጋይ ሊደፉባቸው ነበር እኮ፣ ሃርማን! እዚያ በር ውስጥ ስምህን ላለማጥፋት ወረቀቱን ሳልሰማ ልፈርም ነበር። ለጥቂት!» እንባዋ መጣ፤ በንዴት ጠረገችው። «አንተ ለእኔ ብለህ ትዋሻለህ፣ እኔ ላንተ ብዬ እዋሻለሁ፣ ይሄ ሰውዬ መሃላችን ገብቶ ይነግዳል!»

ሃርማን አንገቱን ደፋ።

«ዶርቱላ ስሎን!» አሉ አጎቴ ሃይረም ከውስጥ። ሌቪ አስቀድሞ ገብቶ ምልክቱን አድርጎ ነበር፤ አጥሩ ላይ ተቀምጦ እንጨቱን ይቀርጻል። ዶርቱላ ሱረቷን ተፍታ ተነሳች። በኦርሌና አጠገብ ስታልፍ ቆም ብላ በዓይኗ ጠየቀቻት። እንባዋን አይታለች።

«ውስጥ የተባለው ውስጥ ይቀራል፣ እመቤቴ» አለ ካፒቴኑ፣ ከፈረሱ እየተመለሰ። «ሕግ ነው ብያለሁ።»

ኦርሌና ምንጩን አሰበች። የእሷ አልፈርምም ማለት ብቻውን ምን ያደርጋል? ውሃው ከዶርቱላ መሬት ነው የሚነሳው፤ ላይ ያለው ከተዞረ ታች ያለው ይደርቃል። ልትናገር አፏን ስትከፍት ሌቪ ከአጥሩ ላይ «አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ቤት አትግቢ!» ብሎ ጮኸባት። ነገ ወንድማማቾቹ ሊኮራረፉ እንደሚችሉም አወቀች።

«መጀመሪያ ያንብቡልኝ በያቸው፣ ዶርቱላ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ከላይ እስከ ታች።»

ዶርቱላ አንዴ ሌቪን፣ አንዴ ካፒቴኑን አየች። ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

ሰው ሁሉ ጠበቀ። አክስቴ ቫይኒ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩን ያያሉ። ቀጥለው የሚገቡት ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። የሌቪ ሴንጢ መቅረጹን አቁሟል። ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፣ አያቋርጥም፤ ወርዶ እንደገና ይነሳል። ኦርሌና የትኛው መስመር ላይ እንደደረሱ ከድምፁ ልትገምት ሞከረች።

ካፒቴኑ የኪስ ሰዓቱን አወጣ፣ አየው፣ መለሰው፣ ደግሞ አወጣው። «አይገባኝም» አለ ለማንም ሳይሆን። «ይሄ ነገር ሁልጊዜ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

ሃርማን ከምሰሶው ተነስቶ መጣ፤ አግዳሚው ላይ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠና ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ሁሉም ከተነበበ፣ ካፒቴን» አለ፣ መዝሙር በሚያወጣበት በዚያ በወፍራሙ ድምፁ፣ አጥሩ ላይ ያሉት ወንዶች እስኪሰሙት፣ «ረጅም ወረቀት ነው።»